እንግሊዝኛ ይዞ ወደ እስያ

ጋሼ በአቃቂና በቃሊቲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሚሚ የእህታቸው ልጅ ናት፤ በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተመርቃ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ታስተምራለች። እሑድ ከሰዓት ነው፤ አቃቂ፣ ጋሼ ቤት።

ሚሚ፦ ጋሼ፣ ይህችን ማስታወቂያ እስቲ ይዩልኝ።

ጋሼ፦ መነጽሬን አቀብዪኝ። «ለባንኮክ የእንግሊዝኛ መምህራን እንፈልጋለን። ማንኛውም ዲግሪ ይበቃል፤ ልምድ አይጠየቅም። 1,200 ዶላር በወር፣ መኖሪያና ምግብ በእኛ። በቱሪስት ቪዛ ገብተው የሥራ ፈቃዱ እዚያ ይስተካከላል።» ማን ላከልሽ?

ሚሚ፦ አብራኝ የምታስተምር ልጅ። ቴሌግራም ላይ ነው ያገኘችው። ፓስፖርት አውጥታለች፤ ትኬቱን ኤጀንቱ ሊቆርጥላት ነው።

ጋሼ፦ ትምህርት ቤቱ ስም የለውም እንዴ?

ሚሚ፦ «ስትደርሺ ትመደቢያለሽ» ብሏታል።

ጋሼ፦ ደውዪላት። ሌላው ወሬ ይቆየን።

ሚሚ፦ ምን ብዬ? ምቀኛ ትለኛለች እኮ።

ጋሼ፦ አትምከሪያት፤ ጠይቂያት ብቻ። የትምህርት ቤቱን ስምና አድራሻ ታውቃለች ወይ? እዚሁ አዲስ አበባ ሆና የሥራ ቪዛ እንድታወጣ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይጽፍላታል ወይ? ታይላንድ ለመምህር የምትሰጠው ቪዛ ኖን ኢሚግራንት ቢ ይባላል፤ ቱሪስት አይባልም። የካቲት 2017 የሆነውን አልሰማችም? ከማይንማር ወንዝ አሻግረው ለታይላንድ ጦር ካስረከቧቸው 260 ሰዎች ውስጥ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከግማሽ በላይ! ሥራ አለ ተብለው ባንኮክ ወረዱ፣ በመኪና ወደ ድንበር ተወሰዱ፣ ማያዋዲ የሚባል ቦታ አጥር ውስጥ ተዘጉ። ሌት ተቀን ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው የአሜሪካና የአውሮፓን ሰው በፍቅርና በክሪፕቶ ስም እንዲያጭበረብሩ ተገደዱ። እምቢ ያለ ተደበደበ።

ሚሚ፦ ሰምቼያለሁ። ግን እነሱ ለማስተማር አልነበረም የሄዱት።

ጋሼ፦ አንዱ ደንበኛ አገልግሎት ተባለ፣ ሌላው ኮምፒውተር ጸሐፊ ተባለ፤ አንቺን ደግሞ መምህር ይሉሻል። የሚፈልጉት እንግሊዝኛ መጻፍ የሚችል ሰው ነው። ያልተማረ ሰው ለዚያ ሥራ አይሆናቸውም፤ ስለዚህ ወጥመዱ የሚጠመደው ለእንዳንቺ ዓይነቱ ነው። ሂጂ ደውዪ።

(ሚሚ ወጥታ ደውላ ተመለሰች።)

ሚሚ፦ ኤጀንቱን ልትጠይቀው ነው። «የትምህርት ቤቱን ስም ካልነገረኝ አልሄድም» አለችኝ፤ ድምጿ ግን ደስ አላለኝም።

ጋሼ፦ ማታ እንደገና ደውዪላት። አሁን ስለ አንቺ እንነጋገር። መሄድ ትፈልጊያለሽ አይደል?

ሚሚ፦ እፈልጋለሁ፤ ምን ልደብቅዎ። የመንግሥት ሠራተኛ በዲግሪ ሲቀጠር በ2018ቱ እርከን 11,500 ብር ነው፤ በዛሬ ምንዛሪ መቶ ዶላር አይሞላም። እኔ ደግሞ የግል ነኝ፤ ሐምሌና ነሐሴ ደመወዝ የለም። የቤት ኪራይ ግን ክረምት አያውቅም። ለልጅ እንግሊዝኛ ማስተማር እችላለሁ፣ ሥራውንም እወደዋለሁ። ቻይናው፣ ቬትናሙ፣ ኮሪያው መምህር አጣሁ እያለ ገንዘብ ሲረጭ እኔ ቱሉ ዲምቱ የምቀመጠው ለምንድን ነው?

ጋሼ፦ ጥያቄው ትክክል ነው። ግን በዚያ ገበያ የሚሸጠውን በደንብ እወቂው። አንቺ እንግሊዝኛ የሚሸጥ መስሎሻል። ብዙ ቦታ የሚሸጠው ፓስፖርት ነው። ኮሪያን ተመልከቺ። ለቋንቋ መምህር የምትሰጠው ቪዛ ኢ-2 ይባላል፤ ለእንግሊዝኛ የተፈቀደላቸው ሰባት አገሮች ናቸው፦ አሜሪካ፣ ብሪታኒያ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። አንቺ እንደ ሼክስፒር ብትናገሪ ቅጹን እንኳ አትሞዪም።

ሚሚ፦ ቃኘው ሻለቃ ለኮሪያ ደሙን አፍስሶ!

ጋሼ፦ ከ6,000 በላይ ወታደር ሄዶ ከ120 በላይ ሞቶላቸዋል። ውለታውን አልረሱም፤ ለዘማቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። የመምህር ቪዛ ዝርዝር ግን በውለታ አይሞላም።

ሚሚ፦ እኔን የሚገርመኝ ደቡብ አፍሪካ ናት። እዚያ እኮ ቤቱ እንግሊዝኛ የሚናገረው ከአስር ሰው አንድ አይሞላም። ዙሉ ሆኖ ቤቱ ዙሉኛ እየተናገረ ያደገ ሰው «በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ፣ አፈ ፈት» ተብሎ ሴኡል ይገባል፤ እኔ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡንም ባዮሎጂውንም በእንግሊዝኛ ተምሬ «ባዕድ» እባላለሁ።

ጋሼ፦ ለዙሉው ልጅ ደስ ይበለው፤ የሚያስቀና እንጂ የሚያስከፋ አይደለም። ግን አየሽ፣ መስፈርቱ የቋንቋ ቢሆን ኖሮ ይፈትኑሽ ነበር። አይፈትኑም፤ ፓስፖርቱን ነው የሚያዩት። ህንድ ግን ምን አደረገች? ከኮሪያ ጋር ትልቁን የንግድ ስምምነት ስትፈራረም ዲግሪና የማስተማር ብቃት ማረጋገጫ ያላቸው ዜጎቿ ረዳት የእንግሊዝኛ መምህር ሆነው እንዲቀጠሩ አስገባችበት። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። በሩን የከፈተው መንግሥታቸው ነው፤ አንድ ግለሰብ በቴሌግራም ኤጀንት አላስከፈተውም።

ሚሚ፦ የእኛስ መንግሥት?

ጋሼ፦ የእኛ መንግሥት የሠራተኛ ስምምነት ሲፈራረም የኖረው በዋናነት ከአረብ አገሮች ጋር ነው፤ የሚላከውም በብዛት የቤት ሠራተኛ ነው።  መምህር እንልካለን ሲባል አልሰማሁም። ደጋግሜ ብናገረው ሰው ይስቅብኛል፤ ግን ለምን አይታሰብም? ነርስና መምህር መላክን ፊሊፒንስ እንደ አገር ሙያ አድርጋ ይዛዋለች። ታይላንድ ትምህርት ቤቶች ሄደሽ ብታዪ እንግሊዝኛ ከሚያስተምሩት የውጭ ሰዎች እጅግ ብዙው ፊሊፒናዊ ነው።

ሚሚ፦ እነሱ እንግሊዝኛ በሕገ መንግሥታቸው የሥራ ቋንቋ ነው።

ጋሼ፦ ነው፤ ሆኖም ታይላንድ ሲደርሱ እነሱም «አፈ ፈት አይደላችሁም» ይባላሉ። ያው ትምህርት ቤት፣ ያው ክፍል፣ ከነጩ ባነሰ ደመወዝ። የቋንቋ ፈተና ውጤት ያቀርባሉ፤ ቶይክ በሚባለው 600፣ ወይም አይኤልትስ 5.5። ከዚያ ከታይላንድ የመምህራን ምክር ቤት ፈቃድ ያወጣሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን በሩ ክፍት ነው፤ ሕጋዊ መንገድ አለው ማለቴ ነው። ለዚህ ነው ያቺ ማስታወቂያ ያናደደችኝ። እውነተኛ መንገድ ባለበት አገር ስም ሰው ይጠፋል።

ሚሚ፦ ጋሼ፣ እርስዎን ግን ማን ነው እንግሊዝኛ ያስተማረዎት? አሜሪካዊ ነው?

ጋሼ፦ ፒስ ኮርፖቹን ማለትሽ ነው? በ1955 መባቻ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ወጣት አሜሪካውያን አንድ ጊዜ መጥተው በየአውራጃው ተበተኑ። ጥሩ ልጆች ነበሩ፤ ጊታር ይመታሉ፣ እግር ኳስ ይጫወታሉ፣ ሁለት ዓመት ሲሞላ ይሄዳሉ። እኔን ሰዋስው ያስያዘኝ ግን ህንዳዊ ነው፤ የኬራላ ሰው። ያኔ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ህንዳዊ መምህር የሌለበት ማግኘት ያስቸግር ነበር፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ የእነሱ ነበር። እዚህ አቃቂ ደግሞ በዚያ ላይ ፋብሪካው ነበር፤ የህንዱ ቢርላ ኩባንያ በሽርክና ያቆመው፣ ያኔ ኢንዶ ኢትዮጵያ የሚባለው ጨርቃ ጨርቅ። ህንድ ለአቃቂ ልጅ እንግዳ አልነበረም። መምህሬ ከአንደበቱ ጋር፣ ጭንቅላቱን ከመወዝወዙ ጋር እናስመስለው ነበር። ግን አንድ ድርሰት ሳያርም አያድርም። ሰላሳ ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ነድፎ ይመልሳል። እሱን አፈ ፈት ነህ ወይ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። እንግሊዝኛ ከእስያ መጥቶልን አሁን መልሰን ወደ እስያ ልንወስደው ስንል ፓስፖርት ይጠይቁናል።

ሚሚ፦ ቻይናስ? ቻይና እኮ ደጃችን ላይ ናት። ዱከም ሄደው ያዩ እንደሆነ የእኔ ባቾች ግማሹ አስተርጓሚ ሆነው ፋብሪካ ውስጥ ናቸው።

ጋሼ፦ ቻይና ላይ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ሕጉ ነው። እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚመጣ ሰው በመርሕ ደረጃ ቋንቋው የአገሩ ቋንቋ ከሆነበት አገር መሆን አለበት፣ ዲግሪም ይጠይቃሉ። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2021 የመጣው ነው። መንግሥታቸው «ወላጅ በጥናት ወጪ ተቃጠለ፣ ልጁም እንቅልፍ አጣ» ብሎ የግል የማስጠኛ ኩባንያዎች በመደበኛ ትምህርቶች እንዳያተርፉ፣ ቅዳሜና እሑድም እንዳያስተምሩ ከለከለ። ከቻይና ውጭ ተቀምጦ በኢንተርኔት የሚያስተምር የውጭ መምህርንም ከለከለ። በአንድ ክረምት ስንቱ ኩባንያ ፈረሰ፤ ኒው ኦሪየንታል የሚባለው ብቻ 60,000 ሠራተኛ አሰናበተ። ቤትሽ ቁጭ ብለሽ የቤጂንግን ሕፃን ማስተማር የሚባለው ነገር ያኔ አበቃ።

ሚሚ፦ ስኮላርሺፕ አግኝተው የሄዱት ግን ያስተምራሉ። አንዱ ባቼ ማስተርሱን እየሠራ ቅዳሜ ቅዳሜ መዋዕለ ሕፃናት ይሄዳል፤ በሰዓት ጥሩ ይከፍሉታል።

ጋሼ፦ በተማሪ ቪዛ?

ሚሚ፦ ይመስለኛል።

ጋሼ፦ እንግዲያው ይህን ንገሪው። በቻይና የመግቢያና መውጫ ሕግ ያለ ፈቃድ የሠራ የውጭ ሰው ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ከበድ ካለ ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል፤ ከዚያ ሊባረርም ይችላል። ስኮላርሺፑም አብሮ ይሄዳል። አሠሪው «ችግር የለም» ይለዋል፤ ፖሊስ ሲመጣ አሠሪው በጓሮ ያስወጣዋል እንጂ አብሮት አይቆምም። ልጁ በወር የሚያገኘውን ያሰላል፤ የሚያጣውን አያሰላም።

ሚሚ፦ ጃፓንስ? እነሱ ፈተና ያላቸው ይመስለኛል።

ጋሼ፦ ጃፓን ያለው ሕግ ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ፍትሐዊ ነው። የቋንቋ መምህር ቪዛ ስትጠይቂ በዚያ ቋንቋ 12 ዓመት ትምህርት መማርሽን ያያሉ። ዜግነት አይደለም፤ የተማርሽበት ቋንቋ። እንቁጠር። ሰባተኛ ክፍል ጀመርሽ፤ እስከ አሥራ ሁለተኛ ስድስት ዓመት። ዩኒቨርሲቲ አራት።

ሚሚ፦ አሥር። ሁለት ጎደለኝ። ማስተርስ ብሠራ…

ጋሼ፦ አሥራ ሁለት። የሚወስነው ኢሚግሬሽናቸው ነው፤ ግን ቢያንስ ክርክር አለሽ፤ ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት «ትምህርቱ የተሰጠው በእንግሊዝኛ ነው» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘሽ መከራከር ትችያለሽ። ማስተርሱን ካሰብሽበት እንዲህ ብለሽ አስቢው።

ሚሚ፦ እኔ ዓይኔ ያረፈው ቬትናም ላይ ነው። አየር መንገዳችንም በ2017 ሐኖይ መብረር ጀምሯል።

ጋሼ፦ ጎበዝ! እኔም ልልሽ የፈለግሁት እሱን ነው። ቬትናም እንግሊዝኛን በትምህርት ቤቶች ሁለተኛ ቋንቋ ለማድረግ ቆርጣለች፤ የፓርቲያቸው ፖሊት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ነው የወሰነው። ያን ሁሉ ልጅ የሚያስተምር ሰው ከሰባት አገር ብቻ አይገኝም። ሕጋቸው ደግሞ ዘርዝሮ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት የቋንቋ ማዕከላት መመሪያ አፈ ፈት ያልሆነ የውጭ መምህርም ይቀጠራል፦ የዚያ ቋንቋ ዲግሪና የማስተማር ሰርተፊኬት ካለው። የአንቺ ዲግሪ ምንድን ነው?

ሚሚ፦ እንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ።

ጋሼ፦ ዕድሜ ልክ «በዚህ ዲግሪ ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሉሽ ኖረው፣ በሕግ ተጽፎ የጠበቀሽ አገር አለ ማለት ነው። የሌላ ትምህርት ተመራቂ ቢሆን ከፍ ያለ የቋንቋ ደረጃ በፈተና ማሳየት አለበት። የጎደለሽ ሰርተፊኬቱ ነው። 120 ሰዓት የሚባለው ቴፍል አለ፤ ከኢንተርኔት ይወሰዳል፣ ርካሹ ግን ርካሽ ነው። ሴልታ የሚባለው ይከብዳል፣ ገንዘቡም ይጎዳል፤ እውነተኛ ክፍል ውስጥ እያስተማርሽ ነው የሚመዝኑሽ። አቅም ካለሽ እሱን።

ሚሚ፦ ወረቀቱስ?

ጋሼ፦ እዚያ ላይ ነው ሰው የሚሰበረው። ዲግሪሽ ኦሪጅናል ነው ወይስ ቴምፖ?

ሚሚ፦ ቴምፖ። ኮስት ሼሪንጉን አልከፈልኩም።

ጋሼ፦ እንግዲያው መጀመሪያ የወጪ መጋራት ዕዳሽን ዝጊና ኦሪጅናሉን አውጪ። የትኛውም ኤምባሲ ቴምፖ አይቶ አያምንሽም። ከዚያ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሄደሽ ዲግሪሽን አረጋግጪ፤ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ያሳርፍበታል፤ ቀጥሎ የሚመለከተው ኤምባሲ። ከፌዴራል ፖሊስ ከወንጀል ነፃ የሚለውን ማስረጃ፣ የሐኪም ምርመራ ጨምሪ። ቬትናም የሥራ ፈቃድ የሚያወጣልሽ ቀጣሪው ነው፤ ስለዚህ ይህን ሁሉ የሚጠይቅሽ ቀጣሪ ቢያሰለችሽም ሰው ነው። ወረቀት የማይጠይቅ ቀጣሪ የሚፈልገው መምህር አይደለም።

ሚሚ፦ ለመጀመሪያ ወራት የሚሆን ገንዘብስ? ደመወዝ ሳይመጣ ኪራይ፣ ቅድመ ክፍያ…

ጋሼ፦ ቲኬቱና የሦስት ወር መኖሪያ እጅሽ ላይ ሳይኖር አትነሺ። ከደላላ አትበደሪ። ዕቁብ ካለሽ ለዚህ ይሁን። ፓስፖርትሽን ደግሞ ለቀጣሪ አትስጪ፤ «ለፈቃዱ ነው» ቢሉሽ ደረሰኝ ተቀብለሽ፣ የሚመለስበትን ቀን አስጽፈሽ።

ሚሚ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ደግሞ አይቆጡ። ጥቁር መሆኔስ? ማስታወቂያዎቹ ላይ እኮ ፎቶ ይጠይቃሉ።

ጋሼ፦ አልቆጣም። ወላጁ ገንዘብ የሚከፍለው ፊልም ላይ ያየውን ዓይነት «የእንግሊዝኛ ሰው» ለማየት ስለሆነ፣ ፎቶሽን አይቶ ዝም የሚልሽ ማዕከል ይኖራል። አንዳንዱ በግልጽ ይጽፈዋል። ነጭ የሆነ ምሥራቅ አውሮፓዊ፣ እንግሊዝኛው ከአንቺ ያነሰ፣ ካንቺ ቀድሞ ይቀጠራል። ይህን ሳታውቂ ብትሄጂ ይሰብርሻል፤ አውቀሽ ከሄድሽ ያናድድሻል እንጂ አይሰብርሽም። ግን ወላጅ ሁለተኛ ወሩ ላይ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ልጄ ተናገረ ወይ? እዚያ ላይ ብቻ ነው የምትበልጪው። ቀጣሪው የማሳያ ትምህርት ቪዲዮ ይጠይቅሻል፤ አሥር ደቂቃ ስታስተምሪ የተቀረጸ። አለሽ?

ሚሚ፦ የለኝም፤ ግን ማስተማር እችላለሁ አልኩዎ እኮ።

ጋሼ፦ ስታስተምሪ ምን ያህሉን በአማርኛ ነው የምትናገሪው?

ሚሚ፦ …ትንሽ። ልጆቹ ካልገባቸው ነው።

ጋሼ፦ ይኸውልሽ። እኛ መምህራን እዚህ አገር ስንጨነቅ አማርኛ እንጎትታለን። «አፕል ማለት ፖም ነው» ብለን እናልፋለን። ሐኖይ ውስጥ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ አማርኛሽን አያውቅ፣ አንቺም ቬትናምኛ አታውቂ። በእጅሽ፣ በሥዕል፣ በመዝሙር፣ በመዝለል ነው የምታስረጂው። ያ የሚለመድ ሙያ ነው፤ አንቺ ደግሞ ለመለማመድ ሰላሳ ሕፃናት በነፃ አሉሽ።

ሚሚ፦ ሰላሳ? አርባ ስምንት ናቸው።

ጋሼ፦ የተሻለ። ማክሰኞ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ምን አለሽ?

ሚሚ፦ ሁለት ቢ። ጋሼ፣ እንዳይመጡ! ይፈሩዎታል።

ጋሼ፦ ከርዕሰ መምህሯ አስፈቅጂኝ፤ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። የአማርኛ ቃል በተናገርሽ ቁጥር አንድ መስመር እሠራለሁ።

ሚሚ፦ በእርሳስ ይሁን ታዲያ። በቀይ እስክሪብቶ ከሆነ አልፈቅድም።